ግንቡን ማን ሠራው? የድሮ ት/ቤታችን ግቢና ሕንጻዎች ታሪክ (የምታውቁ እባካችሁ ጻፉ)

የጓሳ ማዶ ልጅ፦ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። መንዝ ውስጥ የተማራችሁ፣ በተለይ የኛን ት/ቤት ግቢ የረገጣችሁ፣ ይህችን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። የት/ቤቱን ስም አልጻፍኩም። እዚያ የተማረ ሰው ከሁለት መስመር በኋላ ይለየዋል።

ከዋናው በር ስትገቡ ፊት ለፊት ባንዲራ መስቀያው አለ፤ ዙሪያው ኖራ የተቀባ ድንጋይ ነው። በግራ የጥዶቹ ረድፍ። በቀኝ አራት ክፍል ያለው የብሎኬት ሕንጻ። ከኋላ ደግሞ፣ በገደሉ በኩል፣ ሁላችንም "ግንቡ" የምንለው ረጅሙ የድንጋይ ቤት።

ግንቡ ከክረምት በኋላ ሊፈርስ ነው። በቦታው አዲስ ሕንጻ ይገባል ተብሏል። ልጆቹ አዲስ ክፍል ማግኘታቸው ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ ግንቡ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ "በ1959 ነው የተሠራው" ይለኛል። ምክንያቱም ከዳይሬክተሩ ቢሮ በር በላይ የተመታችው የብረት ሰሌዳ ላይ 1959 ዓ.ም ተብሎ ተጽፏል። ቢሮው ያለው ደግሞ ግንቡ ውስጥ ነው።

አባቴ ግን አንደኛ ክፍል የገባው በ1946 ነው። የተማረው ደግሞ እዚያው ግንቡ ውስጥ ነው። "ያኔ ክዳኑ ጓሳ (የደጋ ሳር) ነበር፣ ወለሉ አፈር ነበር" ይላል። አባቴ ዕድሜው ሰማንያን አልፏል፤ ነገር ግን የበጎቹን ቁጥር እንኳ የማይስት ሰው ነው።

ታዲያ ሰሌዳው ልክ ነው ወይስ አባቴ? ከመፍረሱ በፊት ይህን ማወቅ እፈልጋለሁ። ቤቱ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አይኖርም።

ባና ለባሽ፦ ሰኞ ማታ

እህቴ፣ ይህን ስለከፈትሽ እግዜር ይስጥሽ። እኔ የ1970ዎቹ ተማሪ ነኝ። በኔ ጊዜ ግንቡ ቆርቆሮ ነበረው። ወለሉ ግን ከፊሉ አሁንም አፈር ነበር። ዓርብ ዓርብ ሴቶቹ ውሃ ያመጣሉ፣ እኛ እበት እንለቅማለን፣ ከዚያ ክፍሉ ይለቀለቃል። ሰኞ ጠዋት ስንገባ የእበቱ ሽታ ደርቆ ደስ ይል ነበር። ዛሬም ሲሸተኝ ትምህርት ቤት ትዝ ይለኛል።

ስለ 1959ኙ አላውቅም። ሰሌዳዋን ግን አስታውሳታለሁ።

የመዘዞው፦ ማክሰኞ ጠዋት

ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ነገር ካለ ክርክሩ ምንድን ነው? የሽማግሌ ትዝታ ከብረት አይበልጥም።

የግንበኛ ዘር፦ ማክሰኞ ቀን

ወንድሜ የመዘዞው፣ ብረት ይነቀላል። ግድግዳ ግን ከቦታው አይሄድም። ስለዚህ ግድግዳውን እንጠይቀው።

አያቴ ግንበኛ ነበሩ። ድንጋይ መጥረብ የለመዱት ጣልያን የጣርማበርን መንገድ ሲሠራ ነው ይሉ ነበር። ያ ዋሻ ምን ያህል ድንጋይ እንደበላ ያለፈበት ሁሉ ያውቃል። እኔም ሙያውን ከአባቴ ወርሼ ደብረ ብርሃን ውስጥ እየሠራሁ ነው። ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ስመጣ ግንቡን ዞር ዞር ብዬ አይቼው ነበር። ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከውጭ ስታዩት በድንጋዮቹ መካከል ሲሚንቶ አለ። ይህ ሰውን ያሳስታል። ሲሚንቶው ግን ላይ ላዩን ነው፤ በኋላ የተጠቀጠቀ ነው። ከኋላ በኩል፣ ከገደሉ አጠገብ፣ የረገፈበት ቦታ አለ። እዚያ ጣት ብትከቱ የምታገኙት ጭቃ ነው። ጭድ ያለበት ጭቃ። ግድግዳው ሁለት የድንጋይ ፊት አለው፤ መሃሉ በጠጠርና በጭቃ ተሞልቷል። የመንዝ ሰው ቤቱን ሲሠራ የኖረው እንደዚህ ነው። በ1959 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይሠራም።

ሁለተኛ፣ ከመስኮቶቹ በላይ ያለው ጉበን እንጨት ነው። ወይራ ይመስለኛል። በመጥረቢያ የተጠረበ ነው፤ መጋዝ አልነካውም።

ሦስተኛው ዋናው ነው። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ጫፍ ግድግዳ፣ ጣራው የሚያርፍበትን ባለ ሦስት ማዕዘኑን፣ ራቅ ብላችሁ እዩት። ሁለት ዓይነት ድንጋይ ታያላችሁ። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ ሾጣጣ፣ አናቱ የተቆረጠ ቅርጽ አለ። በግራና በቀኙ ነጣ ያለ ድንጋይ ተጨምሮ ጎንና ጎኑ ተሞልቷል። ይህ ማለት ቤቱ መጀመሪያ በጣም የቆመ ጣራ ነበረው ማለት ነው። በኋላ አናቱን ቆርጠው፣ ጎኑን ሞልተው ጣራውን አስተኙት።

የቆመ ጣራ የሚያስፈልገው ለሳር ነው። ሳር ክዳን ካልቆመ ዝናቡ ይጠልቅበታል። ቆርቆሮ ግን ትንሽ ዘንበል ካለ ይበቃዋል። የእህታችን አባት ልክ ናቸው ባይ ነኝ።

የጓሳ ማዶ ልጅ፦ ማክሰኞ ማታ

የግንበኛ ዘር፣ ይህን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። "ይሄ ሰው ግንበኛ ነው" ብሎ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ስለ ክዳኑ ነገረኝ።

ጓሳው ያኔ ዝም ብሎ አይታጨድም። ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሦስት ዓመትም አምስት ዓመትም ሊሆን ይችላል። ሽማግሌዎቹ ደርሷል ሲሉ ይከፈታል። በተከፈተበት ዓመት እያንዳንዱ ልጅ የላከ አባወራ ሁለት ሁለት ሸክም ለት/ቤቱ እንዲያመጣ ተባለ። አያቴ ሦስት አመጡ፤ ሁለት ልጅ ስለነበራቸው። ገመዱም የተገመደው ከዚያው ከጓሳው ነው። አባቴ ገሳውን ለብሶ ጣራ ሥር ቆሞ እንዳቀበለ ያስታውሳል።

ጡረተኛው መምህር፦ ረቡዕ ጠዋት

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። ልጄ ስልኩ ላይ አሳየኝና እኔም የድርሻዬን ላዋጣ ብዬ ነው። በዚህ ት/ቤት ከ1961 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ልናገር። ከነጻነት በኋላ መንግሥት ት/ቤት መክፈት ሲፈልግ ገንዘቡ አልነበረም። በ1940 ዓ.ም የትምህርት ግብር አዋጅ ወጣ። ባለመሬቱ ከመሬት ግብሩ ጋር ለትምህርት እንዲከፍል ተደረገ። እንደኛ ባሉ ከተሞች ት/ቤት መቆም የቻለው በዚህ ነው። እኔ ስመጣ ያገኘኋቸው ሽማግሌዎች "ግብሩን በገንዘብ ከፈልን፣ ቤቱን በትከሻችን ሠራን" ይሉ ነበር። ድንጋዩ ከገደሉ ሥር ተፈልጦ፣ ሰው ለሰው እየተቀባበለ ነው የወጣው።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ፊደልን የቆጠሩት በቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ዳዊት የደገሙም ነበሩባቸው። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ማንበብ ያውቁ ነበር። አዲስ የሆነባቸው ሒሳቡና እንግሊዝኛው ነው።

አሁን ወደ ብሎኬቱ ሕንጻ ልምጣ። እሱ በስዊድን ርዳታ የተሠራ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ መንግሥትና ስዊድኖች ተስማምተው አንደኛ ደረጃ ት/ቤቶችን በየአገሩ መሥራት ጀመሩ። ወጪውን ሕዝቡም ይካፈላል። ፕላኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ በሌላ አውራጃም ስትሄዱ ወንድሙን ታገኙታላችሁ። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ብርሃን በግራ በኩል ይገባል፣ የሚጽፈው ልጅ እጁ ጥላ አይጥልበትም። እኔ ስመጣ ቀለሙ ገና አዲስ ነበር።

ሰሌዳዋ መቼ ግንቡ ላይ እንደወጣች ግን አላስታውስም። እኔ ስቀጠር የዳይሬክተሩ ቢሮ ብሎኬቱ ውስጥ ነበር። ወደ ግንቡ የተዛወረው ከ1967 በኋላ ነው፤ የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ሰፊዎቹ ክፍሎች ለትምህርት ተለቀቁ።

ከተፈቀደልኝ ስለ 1967 አንድ ነገር ልጨምር። የእድገት በኅብረት ዘማቾች ሲመጡ ያደሩት ግንቡ ውስጥ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች ናቸው፤ ብርዱ አሠቃያቸው። የሰፈሩ እናቶች ባና (የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ) አዋሱአቸው። በ1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እዚያው ግንቡ ውስጥ ማታ ማታ ገበሬዎችን አስተማርን። በፋኖስ። ልጆቻቸው ቀን የተቀመጡበት አግዳሚ ላይ አባቶቻቸው ማታ ይቀመጣሉ። እጁ እርፍ የጨበጠ ሰው ጠመኔ ሲይዝ ይሰብረዋል። ስንት ጠመኔ እንደተሰበረ!

ከማማ ምድር፦ ረቡዕ ቀን

መምህር፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ከሆኑ እጅዎን እስማለሁ። ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩት? ብርድ ሲሆን "ተነሱ፣ እጃችሁን አሹ" ብለው አሳሽተውን ነበር ትምህርት የሚጀምሩት።

ጡረተኛው መምህር፦ ረቡዕ ማታ

እኔው ነኝ ልጄ። ተባረክ።

የአራት ልጆች እናት፦ ረቡዕ ማታ

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን እኔ እዚሁ ነኝ። ሦስተኛ ክፍል የሚማር ልጅ አለኝ፤ የሚማረውም ግንቡ ውስጥ ነው።

በታኅሣሥ ጠዋት መሬቱ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚገባው። ከመስኮቱ መስታወት ግማሹ የለም፤ በካርቶን ነው የተደፈነው። ሰኔ ላይ ውሃ በጥግ በኩል ይወርዳል። አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል። ክፍል ስለማይበቃ በፈረቃ ነው፤ ከሰዓት የሚገቡት ሲመለሱ ይመሻል፤ ሩቅ የሚሄዱት ጅብ ይፈራሉ። እናንተ በትዝታ ስለምትወዱት ቤት እየተነጋገራችሁ የኔ ልጅ ጉሮሮው ታሞ ቤት ዋለ። አዲስ ሕንጻ እንፈልጋለን። ይፍረስ አልልም፤ ግን ይቁም ብላችሁ እንዳታዘገዩብን እለምናችኋለሁ።

የጓሳ ማዶ ልጅ፦ ረቡዕ ማታ

እትዬ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልክ ነዎት። ሕንጻው አንድ ቀን እንኳ እንዲዘገይ የሚል ሰው እዚህ የለም፤ ካለም እኔ እቃወመዋለሁ። ልጅዎን እግዜር ይማርልዎ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። በደቡብ በኩል፣ ባሕር ዛፉ የተቆረጠበት ሜዳ ባዶ ነው። ከግንቡ ይሰፋል፤ ለገደሉም አይቀርብም። አዲሱ ሕንጻ እዚያ ቢያርፍ ግንቡ ተጠግኖ መጻሕፍት ቤት አይሆንም? ልጆቹ አሁን መጻሕፍት ቤት የላቸውም።

የአራት ልጆች እናት፦ ሐሙስ ጠዋት

ሜዳው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ግን ከገደሉ መራቁ ልክ ነው። ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ ማንሳት ይቻላል። እኔ አነሳዋለሁ።

የግንበኛ ዘር፦ ሐሙስ ጠዋት

እናታችን የሚወርደው ውሃ በየትኛው ጥግ ነው? በገደሉ በኩል ከሆነ ግድግዳው አይደለም ችግሩ። እዚያ ጋ ጣራው ላይ አሸንዳ የለም። ውሃው መሠረቱ ሥር እየወረደ ጭቃውን አጥቦታል። አሸንዳ ቢገባ፣ ከመሠረቱ ሥር የውሃ መውረጃ ቢቆፈር፣ የረገፈው በጭቃና በኖራ ቢሞላ ይቆማል። በሲሚንቶ እንዳትሞሉት አደራ። ሲሚንቶ ውሃውን ውስጥ ያስቀረዋል፤ ጭቃው ከውስጥ ይበሰብሳል። ግንቡን የጎዳው ይኸው ነው።

እዚያው የተማርኩ፦ ሐሙስ ቀን

ስለ ቤት ብቻ አውርታችሁ ጥዶቹን ረሳችኋቸው። እኔ ልናገር።

ጥዶቹን የተከልናቸው እኛ ነን። የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የምንወስድ ልጆች አንድ አንድ ችግኝ እንድንተክል ተደረገ። ክፍላችን ውስጥ ሴት አምስት ብቻ ነበርን። ውሃ የምናመጣው እኛ ሴቶቹ ነበርን፤ ከምንጩ፣ በእንስራ። አንድ ቀን አስተማሪያችን ይህን አይተው ወንዶቹንም አስወረዷቸው። ወንዶቹ እንስራ መሸከም አያውቁም፤ በጣሳ ነው ያመጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም በተራ አጠጣን።

የኔ ጥድ ከበሩ አራተኛው ነው። ግንዱ ላይ ደወሉ የተሰቀለበት። ደወል ስል የመኪና ቸርኬ ማለቴ ነው። በብረት ሲመታ ድምፁ እስከ ገበያው ይሰማል። ሽቦው ግንዱን በልቶት ገብቷል፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን ሸፍኖታል። አሁን ሽቦውን ለማውጣት ዛፉን መቁረጥ ያስፈልጋል። እባካችሁ ጥዶቹን ማንም እንዳይነካ።

ባና ለባሽ፦ ሐሙስ ቀን

ደወሉን የመታሁት እኔ ነበርኩ! ሰዓት ስለነበረኝ። የሁለት ሰዓቱን ከመምታቴ በፊት እጄን ብብቴ ሥር አሞቅ ነበር፤ ብረቱ በውርጭ ጊዜ ቆዳ ይይዛል።

ርቆ ያለ፦ ዓርብ ማለዳ

ከውጭ አገር ነው የምጽፈው። ሌሊቱን ይህን ሳነብ አደርኩና የአጎቴን ሻንጣ ከፈትኩ። አጎቴ በዚያ ት/ቤት ተምሮ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ኃይለማርያም ማሞ ት/ቤት ገብቶ ነው የጨረሰው። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ለመማር እዚያ ድረስ መሄድ ግድ ነበር። ስንቁን ተሸክሞ፣ በቆሎና የተቆላ ገብስ፣ በእግር።

ሻንጣው ውስጥ ፎቶ አለ። ልጆች ተደርድረው ከአንድ የድንጋይ ቤት ፊት ቆመዋል። ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ጋቢ የለበሰም አለ። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ነፋስ እንዳያነሳው ድንጋይ ድንጋይ ተጭኖበታል። ከፎቶው ጀርባ በቀለም እስክሪብቶ "1954 ዓ.ም ጥር" ይላል። በሩ ሦስት ደረጃ አለው። በሩ ላይ ሰሌዳ የለም።

የጓሳ ማዶ ልጅ፦ ዓርብ ጠዋት

ወንድሜ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ስለዚህ በ1946 ጓሳ፣ በ1954 ቆርቆሮ። ሁለቱም ከ1959 በፊት!

ሦስት ደረጃ አልክ? አሁን ግንቡ በር ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያለው።

የመዘዞው፦ ዓርብ ቀን

ቀደም ሲል የጻፍኩትን አነሳለሁ። አባትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ እኔ በመኪና እመጣለሁ። ሜትር እይዛለሁ። ማን ይመጣል?

የግንበኛ ዘር፦ ዓርብ ቀን

እኔ። ቱንቢም ይዣለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ ዓርብ ማታ

እግሬ አይፈቅድልኝም። ግን ከብሎኬቱ ሕንጻ፣ ከመጀመሪያው ክፍል በር በላይ፣ ቀለሙን ፈቅፍቃችሁ እዩልኝ። ያ በፊት ቢሮው የነበረበት ክፍል ነው።

የጓሳ ማዶ ልጅ፦ እሑድ ማታ

ትናንት ሄድን። ዘበኛው በትዕግሥት አስገቡን። አባቴም መጣ፤ የመዘዞው ከቤት ድረስ መጥቶ በመኪና ወሰደው።

መጀመሪያ መምህር ወዳሉት በር ሄድን። የግንበኛ ዘር መሰላል ላይ ወጥቶ ቀለሙን በቢላ ጫፍ ፈቀፈቀ። ሦስት ተራ ቀለም ነበር፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ከሥር ነጭ። ነጩ ሥር አራት ቀዳዳ ተገኘ፣ በስሚንቶ የተደፈነ። በሜትር ለካነው። ከዚያ ግንቡ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ለካን። የቡሎኖቿ ርቀት አንድ ነው፤ በጎን 42 ሳንቲ ሜትር፣ ወደ ታች 26። ሰሌዳዋ የብሎኬቱ ነበረች። ቢሮው ሲዛወር ነቅለው ይዘዋት ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ግንቡ በሷ ዕድሜ ሲጠራ ኖረ።

የግንቡ ግድግዳ ውፍረቱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በምሥራቅ ጫፉ ላይ የድሮውን ጣራ መስመር ፎቶ አነሳን፤ ጠዋት ፀሐይ ስትመታው በጣም ጎልቶ ይታያል። የርቆ ያለውን ፎቶ ስልክ ላይ ከፍተን ፊት ለፊቱ ያዝነው። ከበሩ በስተግራ ያለችው ትልቋ የማዕዘን ድንጋይ፣ ጫፏ የተሸረፈችው፣ ፎቶው ላይ አለች።

ለጥገናው የግንበኛ ዘር ሁሉን ለክቶ ወስዷል። ለአሸንዳውና ለመውረጃው የሚያስፈልገውን ጽፎ እስከ ረቡዕ ይሰጠኛል። እትዬ (የአራት ልጆች እናት) ለወላጆች ስብሰባ ይዘውት ይገባሉ። ባዶውን ሜዳም ለካነው፤ 48 ሜትር በ31 ነው።

አባቴ ግንቡ ውስጥ ገብቶ ሦስተኛው መስኮት ጋ ቆመ። እጁን መደገፊያው ላይ አሳረፈ። "ይሄ መስኮት አገጬ ጋ ነበር" አለ። አሁን ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚደርሰው። ልጅ ስለነበርክ ነው አልኩት። "አይደለም፣ አስተማሪያችንም ክርናቸውን ነበር የሚያሳርፉበት" አለኝ።

የግንበኛ ዘር ይህን ሰምቶ ወደ በሩ ሄደ። ደረጃው አጠገብ ያለውን አፈር በመሮ ጫረው። ከሲሚንቶው ደረጃ ሥር የተጠረበ ድንጋይ ወጣ። ከሱ ሥር ሌላ። መሃላቸው በብዙ እግር ተበልቶ ጎድጉዷል። አባቴ ጫማውን አወለቀና ላይኛው ላይ ቆመ።